አቋምዎን እናደንቃለን

ከአስካለ ናሆም ቤት እስከ መሥሪያ ቤቷ ያለው መንገድ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። አስካለ ሃምሳ ደቂቃ ትሄዳለች። እግሯ ጤነኛ ነው፤ መንገዱም በዚህ በ2081 ዓ.ም. አልተቆፈረም፣ ይህም በቀበና እምብዛም የማይታይ ነገር ስለሆነ መጠቀስ አለበት። ችግሩ ግንቡ ነው።

ግንቡ ከድልድዩ ቀደም ብሎ የሚገኝ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል የድንጋይ አጥር ነው። ማን እንደሠራውና ምን ሊያጥርበት እንዳሰበ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ለመቀመጫ በጣም የሚመች መሆኑ ነው። በየማለዳው ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከሰባት እስከ አሥር የሚሆኑ ወንዶች ይደረደሩበታል። ሥራ ፈት ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ ሥራ አላቸው፤ ሥራቸው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚያልፍ ሰው ያያሉ። የሚያልፍ ሰው ስንል ሴት ማለታችን ነው።

ሁሉም በሕጉ መሠረት አንገታቸው ላይ ጨዋ የሚባለውን መሣሪያ አስረዋል። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ያለ ጨዋ ከቤት እንዳይወጣ ከተከለከለ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ጨዋ የሰውየውን ድምፅ ገና ከጉሮሮው ሳይወጣ ይቀበልና አጥቦ ያወጣዋል። «አንቺ» ሊል የነበረው «እርስዎ» ይላል። «የኔ ማር»፣ «እሙዬ»፣ «ቺኳ» የሚባሉት በሙሉ «ክቡርነትዎ» ይሆናሉ። ፉጨትና በከንፈር የሚደረግ ጥሪ ወደ ወፍ ዝማሬ ይለወጣል፤ ባለፈው ዓመት በተካሄደው የወፎች ቆጠራ ቀበና ከከተማው ሰፈሮች ሁሉ አንደኛ የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ከአንገት በታች ያለ የሴት አካል ደግሞ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ «አቋም» ተብሎ ይወጣል። ቃሉን የመረጡት የቋንቋ ባለሙያዎች ናቸው፤ አራት ስብሰባ ፈጅቶባቸዋል።

ጨዋ ቃል አክባሪም ነው። አንድ ባለ ጨዋ አንድ ነገር ላድርግ ብሎ ሌላ ባለ ጨዋ «እሺ» ካለው፣ ደወል ይደወልና ቀጠሮ ይመዘገባል። ቀጠሮው እስኪፈጸም ድረስ የቃል ሰጪው ጨዋ ሌላ ቃል አያወጣለትም። ይህ የታሰበው ለልብስ ሰፊዎች ነበር። ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ሆኖ፣ ዛሬ በዚህ ከተማ ለሐሙስ የተባለ ሱሪ ለሐሙስ ይደርሳል። ሽማግሌዎች እስካሁን አልለመዱትም፤ ሱሪያቸውን ሊወስዱ በሳምንቱ ነው የሚሄዱት።

እንግዲህ ባለፈው መጋቢት፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ አስካለ የሥራ ቱታዋን ለብሳና የመሣሪያ ሣጥኗን አንጠልጥላ በግንቡ ፊት ስታልፍ የተባለችው ይህ ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ እንደምን አደሩ። አቋምዎን እናደንቃለን።»

«በተለይ ከኋላ ሲታይ ልዩ አቋም ነው።»

«ምነው ኮሩብን? ፈቃድዎ ከሆነ እስከ ቤትዎ እንሸኝዎ?»

ከዚያ ወፎች ዘመሩ።

ወንዶቹ በእውነት ምን እንዳሉ ለማወቅ ጨዋቸውን ማስወለቅ አያስፈልግም። ከንፈራቸው ይታያል፣ ዓይናቸው ይታያል። ከግንቡ ወርደው ዘጠኝ አሥር እርምጃ ሲከተሏት የጫማቸው ኮቴ ይሰማል፤ ጨዋ እግር ላይ አይታሰርም። አስካለ አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባዋ እንዲህ ብላ ነበር፦ «በእርስዎ መለከፍ በአንቺ ከመለከፍ ይብሳል። ድሮ ቢሆን ቢያንስ እሳደብ ነበር። ክቡርነትዎ ያለሽን ሰው ምን ብለሽ ትሰድቢዋለሽ?»

ስለዚህ አስካለ፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ሴቶች፣ የምትሄደው በመሸጋገሪያው ነው። መሸጋገሪያው ለሴቶች ደኅንነት ተብሎ ኮረብታውን ዞሮ የተሠራ፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ አበባ ተሥሏል፤ «አንቺ ጀግና ነሽ» የሚል ጽሑፍም አለበት። መስኮት የለውም። በግንቡ በኩል የምታልፈው በሦስት አራት ወር አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም አቤቱታ ለማቅረብ መጀመሪያ መለከፍ ስለሚያስፈልግ ነው።

በማግስቱ ረቡዕ ወደ መንገድ ጨዋነት ቢሮ ሄደች። አቤቱታ ተቀባዩ አቶ ዳምጠው የሚባሉ ትሑት ሰው ናቸው። ትሕትናው የራሳቸው ይሁን የጨዋቸው ለማወቅ ያስቸግራል።

«አሥራ ሁለተኛ አቤቱታዎ ነው» አሏት መዝገቡን እያዩ።

«አሥራ ሦስተኛዬ ነው። አንዱ ጠፍቶባችኋል።»

«እስቲ አብረን እናዳምጠው።» መዝገቡን ነካ አደረጉና ክፍሉ ጨዋዎቹ በቀረጹት የማክሰኞ ድምፅ ተሞላ። አቋምዎን እናደንቃለን። በተለይ ከኋላ ሲታይ ልዩ አቋም ነው። ቀጥሎ ወፎቹ። አቶ ዳምጠው ወፎቹን እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«የትኛው ቃል ነው ቅር ያሰኘዎት?»

«አቋም የሚለው።»

«አቋም ስድብ ነው እንዴ?»

«አቶ ዳምጠው፣ እኔ አቋም የለኝም። ዳሌ ነው ያለኝ። እሱን ነው የሚሉት።»

አቶ ዳምጠው ደነገጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ... ስለ አቋምዎ ነው የሚሉኝ?»

«ይኸው፣ እርስዎም አሉት።»

ሰውየው አንገታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሌላ ሊሉ ሞክረው እንደገና «አቋም» ወጣላቸው፤ ተዉት።

«ጥሬ ድምፁን አሰሙኝ» አለች አስካለ።

«ጥሬ ድምፅ አይቀመጥም። ያልወጣ ድምፅ እንዳልተባለ ይቆጠራል።»

«እኔ ተዉኝ ያልኩትስ የታለ? ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።»

«ሴቶች ጨዋ ስለማያስሩ የሚሉት አይመዘገብም። ለነጻነትዎ ሲባል ነው።»

አስካለ መዝገቡን ተመለከተች። የተናገረችው ነገር ሁሉ ከአፏ ወጥቶ የትም ሳይደርስ የሚቀርበት ቦታ እንዳለ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት። አቶ ዳምጠው ዝምታዋን እንደ መግባባት ቆጥረው የምሥራች አከሉላት። ላለፉት ሁለት ዓመታት አንድም የተረጋገጠ አቤቱታ ስላልቀረበ፣ በመጪው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማዋ ከለከፋ ነጻ መሆኗ ይታወጃል። የአቤቱታ መስኮቱም ይዘጋል። መሸጋገሪያው ከቅዳሜ ጀምሮ ለእንጉዳይ አምራቾች ይሰጣል፤ ጨለማና እርጥበት ስላለው ለእንጉዳይ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል።

«ከቅዳሜ ጀምሮ በነጻነት በግንቡ በኩል መሄድ ይችላሉ ማለት ነው» አሏት።

«አንድ አቤቱታ ብቻ ቢረጋገጥስ?»

«አንድ ከተረጋገጠ ግንቡ ይፈርሳል፤ አዋጁም ይቀራል። ነገር ግን የእርስዎ ሊረጋገጥ አይችልም፤ ሰላምታው ባለቤት አለው።» አቶ ዳምጠው አንድ ደብዳቤ አወጡ። «መልስ የተሰጠው ሰላምታ የመልስ ሰጪው ነው። እዚህ ላይ አንድ አባት፣ አቶ ናትናኤል፣ ሃያ እርምጃ ከኋላዎ ሆነው 'እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ' ብለዋል። ሁልጊዜም ይላሉ። እንዲያውም ለግንቡ ወጣቶች የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውልናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። «አንቺ» ሴት መሆኗን ይናገራል፤ «አንተ» ወንድ መሆኑን። «እርስዎ» ግን ስለ ማንም ምንም አይናገርም። የቋንቋ ባለሙያዎቹ በአራቱም ስብሰባ ይህን አላነሡትም።

አስካለ የሽማግሌውን ቤት ጠይቃ አገኘችው። በሩን የከፈቱላት ጨዋቸውን እንዳሰሩ ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደህና መጡ። ቢገቡ ደስታውን አንችለውም» አሉና ራሳቸው አፈሩ። ጨዋውን ፈትተው በሩ ጀርባ ባለ ምስማር ላይ ሰቀሉት። «ነይ ግቢ ልጄ። እሱ ሲናገር እኔ ራሴ እንግዳ እሆናለሁ።»

ጋሽ ናትናኤል የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ ናቸው። ስማቸው የዘመናቸው ነው፤ ዛሬ ናትናኤል፣ ሮቤል ወይም አቤል የሚባል ሁሉ በከዘራ ነው የሚሄደው። ግንቡ ላይ የሚቀመጡት ወጣቶች ጓንጉልና ድንበሩ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ያላቸው ነገር አንድ ጉዳይ ነው፤ አውራ ዶሮ በከተማ ውስጥ እንዲጮኽ ይፈቀድ ይላሉ። በሰፈሩ ሸንጎ ይህን በየሦስት ወሩ ያነሣሉ። በየሦስት ወሩም አርባ ሦስት ለአንድ ይሸነፋሉ።

«ስለ ግንቡ ልጆች ነው የመጣሁት ጋሼ» አለች አስካለ።

ፊታቸው በራ። «እነዚያን የተባረኩ ልጆች ታውቂያቸዋለሽ? ስድስት ዓመት ስናገር አንድ ሰው አቋምዎ ጥሩ ነው ብሎኝ አያውቅም። እነሱ በየቀኑ ይሉኛል። ሳልፍ ጠብቀው አቋምዎን እናደንቃለን ይሉኛል። ለእነሱ ስል ነው ይህን ጫማ የገዛሁት፤ እንዲህ የሚያከብር ወጣት ፊት በአሮጌ ጫማ አይታለፍም።»

«ከኋላ ሲታይ የሚሉትስ?»

«እሱማ ጥልቅ ነው። ወደፊት ታሪክ ዞር ብሎ ሲያየው ማለታቸው ነው።»

አስካለ ስትመጣ ተናዳ ነበር። አሁን ንዴቷ የት እንደሚያርፍ ጠፋው። ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ አይደለም የሚሉት።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለእኔ። ከፊትዎ ለምታልፈው ሴት ሁሉ።»

ጋሽ ናትናኤል በጥንቃቄ አሰቡበት። «አንቺም ስለ ዶሮ አቋም አለሽ?»

«ዳሌዬን ነው ጋሼ።»

ጫማቸውን አዩ። ከዚያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ የለም አሉ፣ ሊሆን አይችልም፤ ልጆቹን እሳቸው ያውቋቸዋል። አስካለ አልተከራከረችም። «ነገ ሴት የማያልፍበትን ጊዜ ጠብቀው ብቻዎን ይለፉ። አንድ ቃል ካሉዎት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ አቤቱታዬንም እተወዋለሁ» አለቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ናትናኤል ጥግ ይዘው ጠበቁ። መንገዱ ከሴት ነጻ ሲሆን ወጡ። አስካለ ድልድዩ ላይ ሆና አየቻቸው። ግንቡ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸውን ቀነሱ። አሳላቸው። ማንም ምንም አላለም። ጥቂት አለፉና፣ ምናልባት ከኋላ በደንብ አልታየሁ ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ጓንጉል የሚባለው ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ «አባባ፣ መንገድ ጠፋዎት?» አላቸው። በዚህ አጋጣሚ ጨዋው የለወጠው ነገር አልነበረም።

አስካለ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። «ክቡርነትዎን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። ያሉት እንዲህ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ፣ ጨዋቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። ይህ በሕግ ያስቀጣል።

«ልጄ፣ በትክክል ምንድን ነው የሚሉሽ?»

ነገረቻቸው። ሳታጥብ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጋሽ ናትናኤል መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙ።

«እኛም በወጣትነታችን እንል ነበር» አሉ ስትጨርስ። «ታክሲ ተራ ቆመን። ቀልድ ይመስለን ነበር። አንዷም ስቃ አታውቅም፤ ግን ቀልድ ይመስለን ነበር። አሁን ደግሞ አንቺን ሲለክፉሽ እኔ ከኋላ ሆኜ እግዜር ይስጥልኝ እል ነበር ማለት ነው።»

«ማለት ነው» አለች አስካለ። ልታጽናናቸው አልፈለገችም። «እኔ ተዉኝ ስል አይመዘገብም። እርስዎ እግዜር ይስጥልኝ ሲሉ ይመዘገባል።»

ይህን ብላ ቆመች። አስካለ የባቡር ፍሬን መርማሪ ናት። ሥራዋ የሚሄድ ነገር መቆም መቻሉን ማረጋገጥ ነው፤ በቀን አርባ ፍሬን ታያለች፣ የማይዘው የቱ ጋ እንደላላ በጣቷ ታውቀዋለች። አሁንም አንድ የላላ ነገር ጣቷን ነካው።

«ጋሼ፣ በእግዜር ይስጥልኝ ፈንታ 'እሺ' ቢሉስ?»

«ምኑን?»

«እስከ ቤትዎ እንሸኝዎ ሲሉ።»

ጋሽ ናትናኤል ልብስ ሰፊያቸውን አሰቡ። ቀስ ብለው ጨዋቸውን ከኪሳቸው አወጡና መልሰው አሰሩት። «ክቡርነትዎ» አሉ፣ ዓይናቸው እየሳቀ፣ «አቋምዎን እናደንቃለን።» ቀጥለው በጣም ደነገጡ፤ እጅሽ ይባረክ ሊሉ ነበር። አስካለ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዓርብ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስካለ በግንቡ በኩል መጣች። ጋሽ ናትናኤል ሃያ እርምጃ ከኋላዋ ነበሩ። ዘጠኝ ወንዶች ተደርድረዋል። ለአስካለ፣ ልምድ ቢኖራትም፣ መለከፍ የሚለመድ ነገር አይደለም።

«ክቡርነትዎ፣ ዛሬስ አቋምዎ ከወትሮው በልጧል» አለ ድንበሩ። «ቁርስ ብንጋብዝዎ ምን ይመስልዎታል?»

«እሺ» አሉ ጋሽ ናትናኤል።

ደወል ተደወለ። ድንበሩ ወደ አንገቱ ተመለከተ፤ የገዛ አንገትን ማየት ስለማይቻል ዝም ብሎ አገጩን ዝቅ አደረገ።

ሌሎቹ የደወሉን ትርጉም ገና አላስተዋሉም ነበር። «እስከ ቤትዎ እንሸኝዎ?» አሉ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድነት።

«እሺ ልጆቼ። ደስ ይለኛል።»

«ስልክ ቁጥርዎን ቢሰጡንና ብንደውልልዎ?» አሉ ሌሎች አምስት።

«እሺ። በየቀኑ ደውሉ።»

ደወሉ የቤተ ክርስቲያን መሰለ። ጓንጉል፣ ሁልጊዜም ከሁሉ ጮክ የሚለው ጓንጉል፣ በዚህ መሐል ግንቡ ላይ ወጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። ዓይኑ አስካለ ላይ ስለነበር ከኋላ የሚሆነውን አላየም። «ክቡርነትዎ፣ ዕድሜ ልኬን ከእርስዎ ጋር ብኖር ምን ይጎድልብኝ ነበር?» አለ።

ጋሽ ናትናኤል ለአፍታ አመነቱ። ቤታቸው ባለ አንድ መኝታ ነው።

«እሺ» አሉ።

ይህኛው ደወል ረጅም ነበር። ጓንጉል አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ወፍ እንኳ አልወጣም። ዘጠኙም አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ለትንሽ ጊዜ ቆዩና፣ አንድ በአንድ ከግንቡ ወርደው ሽማግሌውን ከበቧቸው። አስካለ ዞራ አላየችም። የጫማ ኮቴ ሰማች፤ ኮቴው እየራቀ ሄደ።

የጋሽ ናትናኤል ቤት ቅርብ ነው። እሳቸው ግን በገበያው በኩል ይሻላል አሉ። ከዚያ በፋርማሲው በኩል። አግዳሚ ወንበር ባለበት ሁሉ አረፍ እያሉ ስለ አውራ ዶሮ ከመጀመሪያው ጀምረው አስረዷቸው። ሸኚዎቹ ጥያቄ መጠየቅ አይችሉም ነበር፤ እንዲህ ያለ አድማጭ በሸንጎው አግኝተው አያውቁም። ቁርሱ እስከ አምስት ሰዓት ቆየ። ስምንቱ ሥራ አረፈዱ። ዘጠነኛው፣ ጓንጉል፣ ከሰዓት በኋላ ፍራሹን ተሸክሞ ተመልሶ መጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማዋ ከለከፋ ነጻ መሆኗ ታወጀ። ማርሽ ባንድ ነበር። አቶ ዳምጠው ያነበቡት ሪፖርት የተረጋገጠ አቤቱታ ዜሮ ይላል። አስካለ አሥራ ሦስተኛውን ወረቀቷን ልትወስድ ሄዳ መስኮቱ ተዘግቶ አገኘችው።

ሰኞ ግንቡ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሴት ሲያዩ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ከኋላዋ ሃያ እርምጃ ማን እንዳለ ያያሉ። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ለዓመታት ማንም የማይፈልጋቸው ጡረተኞች ድንገት በጣም ተፈላጊ ሆኑ፤ ሴቶች ሮቤሎችንና አቤሎችን ከየቤታቸው እየጠሩ በየግንቡ፣ በየድልድዩና በየፌርማታው ከኋላቸው ያስከትሏቸው ጀመር። እሺ ማለት ለማንም ሽማግሌ አይከብድም። የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች የወፎቹ ቁጥር ለምን በዚህ ፍጥነት እንደቀነሰ እስካሁን እያጠኑ ነው።

ይህ ሁሉ አስካለን ያስደስታታል፤ ያናድዳታልም። አራት ዓመት ተዉኝ ስትል ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሽማግሌ አንድ ጠዋት አራት ጊዜ እሺ ሲሉ ከተማው ተገለበጠ። ይህን ለጋሽ ናትናኤል ነገረቻቸው። እሳቸውም «እውነትሽን ነው፤ እኔም ያናድደኛል» አሏት።

አንድ ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ሄዳ በሩን የከፈተላት ጓንጉል ነበር። መጥረጊያ ይዟል። ጨዋው ከሽማግሌው ጨዋ አጠገብ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ያለ ጨዋ ድምፁ ቀጭን ነበር።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለችው አስካለ።

«ጥሩ ነው። ያንኮራፋሉ» አለ። «ትናንት በሸንጎው ድምፅ ሰጠሁ። አርባ ሦስት ለሁለት ተሸነፍን።»

«ያን ቀን ዕድሜ ልኬን ስትለኝ ግን፣ እሺ ብልህ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

ጓንጉል በእውነት ገረመው። «አንቺ? አንቺማ እሺ እንደማትይ አውቅ ነበር። ማናችሁም እንደማትሉ እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን ትላላችሁ?»

መጥረጊያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ አሁን ምንም የሚያግደው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ምንም አልወጣም። አስካለ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ አልፋው ገባች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ግንቡ ባዶ ነበር። አስካለ ከኋላዋ ማንንም አላስከተለችም። እግሯ እንደ ልማዱ ፈጠነ፣ ዓይኗ እንደ ልማዱ መሬት ያዘ። ግንቡን አጋምሳ ሳለች ለምን እንደምትፈጥን ጠፋባት። ቀስ አለች። ቀና ስትል በስተግራ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አየች፤ ጢሙ ነጭ ነው፣ ሱቁም ያረጀ ነው፤ ትናንት የተከፈተ አይደለም። ከሱቁ በላይ ሰማያዊ በረንዳ አለ። በረንዳው ላይ የደረቀ በርበሬ ተሰጥቷል፣ በርበሬው አጠገብ ድመት ተኝታለች። ከድልድዩ ላይ ወንዙ ይታያል። እዚያ ወንዝ እንዳለ ታውቅ ነበር፤ ድልድይ ያለ ወንዝ አይሠራም። እንደሚታይ ግን አታውቅም ነበር። ሁለት ሰዎች ምንጣፍ ያጥቡ ነበር፤ አንዱን ሲያዳልጠው ሌላው ይስቅ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና ክርኗን ድልድዩ ላይ አስደግፋ አየቻቸው።

መሥሪያ ቤት ስትደርስ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። አለቃዋ ወይዘሮ ሶልያና በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

«አስካለ፣ ምን ሆነሽ ነው? በአራት ዓመት አንድ ቀን አርፍደሽ አታውቂም። መንገድ ተዘግቶ ነው?»

«አይ» አለች አስካለ፤ «ተከፍቶ ነው።»